ክርኔና የልጄ አልበም

የካቲት 4

እግሬ ጄሶ ውስጥ፣ ጄሶው ወንበር ላይ፣ ወንበሩ መስኮት ሥር። ከዚህ ሌላ የሚጻፍ የለም። ሁሉም ወጥቷል። የልጄ እናት ልብስ ማጠቢያ ቤቷ፣ ልጄ ቢሮዋ። እኔ እንደ ቁም ሣጥን ግድግዳ ተደግፌ ቀርቻለሁ…

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ ስወጣ ስወርድ ኖሬ፣ የጣለኝ የመሰላሉ የመጨረሻ እርከን። ከመሬት አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ለጠያቂ ሲነገር እንኳ አያምርም። ሦስተኛ ፎቅ ብል ምን ነበረበት?

ስልኩ አያርፍም። «ማስተር፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል።» እግሬ ተሰብሯል እላለሁ። «ውይ፣ እግዜር ይማርህ… ታዲያ ነገ ትመጣለህ?»

የካቲት 7

ልጄ ትናንት የምግብ ጠረጴዛውን ወረቀት በወረቀት አድርጋው ተኛች። ሠርጓ ሚያዝያ ላይ ነው። አዳራሹ መግቢያ ላይ የልጅነት አልበሟን ልታስቀምጥ አስባለች፤ እንግዳው እያገላበጠ እንዲገባ። ፎቶ የሚሰካበት ተራ አልበም አይደለም። ገጹ ዝንጉርጉር ወረቀት ይለብሳል፣ ፎቶው መሃል ይቀመጣል፣ ዙሪያውን በእጅ የተሠራ ጌጥ ይለጠፋል። አበባ፣ ሪባን፣ ቢራቢሮ፣ ምኑ ቅጡ።

አንድ ገጽ ጀምራለች። ጠርዙ ተንጋዷል። አየሁት። ሻይ ጠጣሁ። ደግሜ አየሁት። የተንጋደደ ነገር እያየሁ መቀመጥ አልችልም፤ ከሙያዬ የመጣ በሽታ ነው። ማስመሪያና ምላጭ አንሥቼ አቀናሁት… ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ራሴ ጀመርኩ።

ማታ፦ «ይሄን ማን ነካው?»

«ድመቷ።»

«አባዬ፣ ድመት የለንም እኮ።» ገጹን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። «በቃ፣ ካሁን በኋላ ያንተ ሥራ ነው። እኔ ጊዜ የለኝም፣ አንተ መሄጃ የለህም።»

እውነቷን ነው።

የካቲት 9

የልጄ ሕግ፦ አንድ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ አበባ፣ አንድ ትንሽ ነጠብጣብ፣ አንድ መስመር። «ከዚያ ካለፈ ገጽ መሆኑ ቀርቶ ገበያ ይሆናል።» እኔ አምስት ዓይነት ደርቤ ነበር። ላጥኩት።

የካቲት 13

ጽጌረዳ ከወረቀት ሲሠራ ስልክ ላይ አየሁ። ክብ ትቆርጣለህ፣ ክቡን ዙሪያውን እየዞርክ እስከ መሃል ትሰነጥቃለህ፣ ከጫፍ ጀምረህ ትጠቀልለዋለህ። ቀላል ነው አለች ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ። ለሷ ይሆናል። የኔ አንድ ጣት የሷን ሁለት ያህላል። የሠራሁትን ለልጄ እናት አሳየኋት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። «ጎመን ነው?»

ተናደድኩ። ከዚያ የሥራ ሣጥኔን አስመጣሁ… የቧንቧ ጥርስ ላይ የምንጠመጥመው ነጭ ቴፍሎን አለ አይደል? ስስ ነው፣ ሲስቡት ይሸበሸባል። ጣቴ ያውቀዋል። ጠመጠምኩት፣ ጨበጥ አደረግሁት፣ ጽጌረዳ ወጣው። ነጭ ጽጌረዳ። ቀጥዬ የብሎን ቀለበት፣ ሮንዴላ ላይ ቀይ ክር ጠቅልዬ የአበባ እምብርት አደረግሁ። ከመዳብ ሽቦ ደግሞ በፒንሳ ትንሽ ብስክሌት፣ ብስክሌት ለተማረችበት ገጽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ልጄ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ እስከዛሬ የት ነበርክ?» ለቀልድ ነው ያለችው።

የካቲት 18

ፎቶዎቹን ዘርግቼ መረጥኩ። ልደት፣ ትምህርት ቤት፣ ጥርሷ የወለቀ ጊዜ፣ ፀጉሯን ራሷ የቆረጠችው ጊዜ… እናቷ አለች። አክስቷ አለች። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር አለ። እኔስ? አገላበጥኩ። እንደገና አገላበጥኩ። አንዱ ላይ ብቻ አለሁ፤ እሱም ዳር ላይ፣ ክርኔ። ሰማያዊ ቱታ፣ የተጣፈ ክርን። ከበሩ ሊወጣ የሚጣደፍ።

ሰው ክርን ብቻ ሆኖ ልጅ ያሳድጋል?

የሰው ቤት ነበርኩ። የሰው ጓዳ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት። ውሃ ቀጠሮ አያከብርም፤ በልደትም ያፈሳል፣ በእሑድም ያፈሳል። ያኔ አልታየኝም። አሁን አዳራሽ ሙሉ እንግዳ አልበሙን አገላብጦ «አባቷ የት ነበር?» ቢልስ? እንግዳውስ ይበል… ልጄ ብትልስ?

የካቲት 19

ፎቶ ቤት ደወልኩ። ባለቤቱ «በኮምፒውተር እናስገባሃለን፣ ምን ችግር አለው» አለ። የዛሬ ሽበቴን ይዤ ሁለት ዓመት ልደቷ ላይ? የገዛ ልጄ አያት ልሆን። ተውኩት።

የካቲት 25

ወረቀት አለቀብኝ። ሱቅ ያለው ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ከድሮ ፎቶ ጋር አይሄድም። ዛሬ ክራንቼ አልጋ ሥር ገብቶብኝ ሳወጣው አንድ ሻንጣ ነካ። ሳብኩት። ከፈትኩት። ሙሉውን የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት። ፊኛ ያለበት፣ ዝሆን ያለበት፣ ሸንተረር፣ ጠቃጠቆ… ሁሉም ተዘርግቶ፣ ተጣጥፎ፣ ቀለሙ እንደኔ ትንሽ የደከመ። ለድሮ ፎቶ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? የልጄ እናት ነገር አትጥልም፤ የእርጎ ጣሳ እንኳ ታስቀምጣለች። ይሄም ከዚያው ነው አልኩ።

ችግሩ፣ ሁሉም ላይ ጥቁር ነገር አለ። ግሪስ ነው። ቆሻሻውን በምላጭ እየቆረጥኩ አወጣሁ፣ ንጹሑን አስቀረሁ። ቀኑን ሙሉ፣ እያፏጨሁ። ደረጃ የምትጠርገው ሴትዮ ስትመጣ ቁርጥራጩን ከቆሻሻው ጋር አወረደችልኝ። ገጾቹ እንዴት እንዳማሩ… የልጄ እናት ስትመጣ ታያለች።

የካቲት 26

ትናንት አየች።

ገባች፣ የተከፈተውን ሻንጣ አየች፣ ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነሣች። እኔ እኮ ልመሰገን እየጠበቅኩ ነው።

«ጥቁሩስ?»

«የቱ ጥቁር?»

«ጣትህ።»

«ቆሻሻውን? ቆርጬ ጣልኩት።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ንጹሑን ምን ላድርገው ታዲያ? ንጹሕ ወረቀት ሱቅ ሞልቷል።»

ከዚያ ነገረችኝ። ይሄ የአሻንጉሊቷ ነው። ይሄ የመጀመሪያ ቦርሳዋ። ይሄ ስትታመም ያመጣህላት የቀለም እርሳስ። ከሥራ ወጥተህ ሱቅ ትገባለህ፣ ባለሱቋ ልጠቅልልህ ስትልህ እምቢ ትላለህ፣ እጅህን ሳትታጠብ ራስህ ትጠቀልለዋለህ። ልጅቷ ከተኛች ትገባለህ፣ ሳትነቃ ትወጣለህ። «ጠዋት ስትነሣ ካንተ የምታገኘው ይሄንን ነው። ፎቶ ላይ አለመኖርህን ሳላውቅ ቀርቼ መሰለህ?»

ጣቴን ነው ያስቀመጠችው። አውራ ጣቴን፣ ሻንጣ ሙሉ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ብዬ… የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

ደረጃውን በቂጤ ወረድኩ። እሷ ክራንቼን ይዛ ከኋላ። የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ነው የሚመጣው፤ የጎረቤቱ ሁሉ ፌስታል ግቢው በር ላይ ተቆልሏል። የኛ የቱ ነው? መሬት ላይ ተዘርፍጬ መፍታት ጀመርኩ። የሽንኩርት ልጣጭ። የሕፃን ዳይፐር። የሰው ጉድ ሁሉ።

በዚህ መሃል ሙሽራው መጣ። ልጄን የሚያገባት። እኔ ዝምተኛው ነው የምለው፤ ከሰላምታ አልፎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፣ ልጄን አግቢኝ ብሎ እንዴት እንደጠየቃት እሱና እሷ ያውቃሉ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ኬክ ይዟል። እኔ ጄሶ የታሰረ እግሬን ዘርግቼ ዳይፐር አጠገብ ተቀምጫለሁ። ምን ይላል? ኬኩን ለልጄ እናት አቀበላት፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጥቁር ጣት ያለበት ወረቀት ነው» አልኩት።

«እሺ ጋሼ።»

ለምን እንኳ አላለም። ፈታ፣ በረበረ፣ ፈታ… «ይሄ ነው?»

ዝሆኑ። ጆሮው ላይ አውራ ጣቴ። የልጄ እናት እየሳቀች አለቀሰች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ልጄን ከልቤ ሰጥቼዋለሁ።

ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ተገኘ። ኬኩን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን በላነው። ዝምተኛው እጁን ሳይታጠብ።

መጋቢት 3

ወረቀቶቹን መስኮት ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። የሽንኩርቱ ሽታ ቀስ ብሎ ለቀቀ፣ ግሪሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቆየ?» አልኳት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«ሞኙ ማን ነው?»

«ወረቀቱን ይዤ የኖርኩት እኔ ነኛ» ብላ ወደ ማጀት ገባች። ከኋላዋ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ… በዚህ ዕድሜዬ።

መጋቢት 9

ሁሉንም ገጽ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጥቁሩን ጣት እንደ ፎቶ ቆጠርኩት። ከኋላው ቢጫ ነጠብጣብ ወረቀት፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ ጠርዙ የሚታይ። ዙሪያውን የመዳብ ሽቦ ክፈፍ። የአሻንጉሊቷ ገጽ ላይ ልጄ በግራ አሻንጉሊቷን አቅፋ ትስቃለች፣ በቀኝ ጣቴ። ወጣ ገባ ብሎ የተቆረጠውን ጠርዝ አላቀናሁትም። እኔ! የተንጋደደ ነገር ትቼ አለፍኩ።

የዝሆኑን ዙሪያ ወረቀት እንደ ማራገቢያ አጣጥፌ ክብ አድርጌ አስጌጥኩት። አልበሙን ጨርቅ አለበስኩት። እስኪያልቅ ለልጄ ማየት ክልክል ነው።

መጋቢት 22

ጄሶው ተፈታ። እግሬ ቀጥኗል፣ ነጥቷል፣ የሌላ ሰው ይመስላል። ደንበኞቼ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ገና ከሐኪም ቤት ሳልወጣ መደወል ጀመሩ። ከሠርጉ በኋላ አልኩ። አንዷ «እስከዚያ ቤቴ ሐይቅ ይሆናል» አለችኝ። የአንድ ጎበዝ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ሰጠኋት።

መጋቢት 29

ልጄ አየችው። ሶፋው ላይ፣ በኔና በእናቷ መሃል። ምን ልትል ነው? ሠርግ ላይ ግሪስ… ሌላዋ ብትሆን ታፍርበት ነበር።

ዝሆኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። አውራ ጣቷን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች። ያንሳል፣ የኔ ይበልጣል።

«እማዬ፣ ያኔ የጠየቅኩሽን ነግረሽዋል?»

«ኧረ አልነገርኩትም።»

አንደኛ ክፍል እያለች ነው። የጓደኛዋ ልደት ሄደው፣ የጓደኛዋ አባት ስጦታ ሲከፈት ታያለች። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ገለበጠችው፤ ከኋላም ንጹሕ። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ «እማዬ፣ እሷ አባት የላትም እንዴ?» አለች። «እንዴት የላትም? ኬኩን የቆረጠላት ማን ነው ታዲያ?» «እሱማ አጎቷ መስሎኝ።»

እናቷ ሳቀች፣ እሷ ሳቀች። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ። ማጀት ውስጥ ቆየሁ። ውሃ አልጠጣሁም።

ሚያዝያ 20

ሠርጉ ትናንት ነበር። ከየት ልጀምር… ልጄ ቆንጆ ነበረች። ዝምተኛው ሲናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አዳራሹን አስለቀሰ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው።

እኔ ጠዋት እጄን በሎሚ ፈተግሁት፣ በሳሙና ፈተግሁት፣ ጥፍሬ ሥር የሰረገው የዓመታት ግሪስ አልወጣም፤ ሁለት ወር ሳልሠራ ተቀምጬ እንኳ። ከሱፍ ጋር አይሄድም። ኪሴ ከተትኩት፣ አልበሙ አጠገብ ቆሜ እንግዳ ተቀበልኩ፤ የሚጨብጠኝን ቶሎ ጨብጬ ቶሎ ከተትኩ። ሰው ተሰልፎ ያገላብጣል። የቴፍሎኑን ጽጌረዳ ሁሉም ይነካዋል። «ከየት ተገዛ?» ይሉኛል። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ እላለሁ፣ ይስቃሉ፣ አያምኑም።

የልጄ እናት ታላቅ እህት ተራዋ ደረሰ። ቤታችን ስትመጣ ከሰላምታ በፊት ጠረጴዛውን በጣቷ ጠርጋ አቧራ የምትፈልግ ሴት ናት። ዝሆኑ ጋ ደረሰች። «ውይ፣ ይሄን የመሰለ ሥራ ማን አቆሸሸው?» አለች። መሐረቧን አወጣች፣ ጫፉን በምራቋ አራሰች፣ ጥቁሩን ታሽ ጀመር። ላስቆማት ፈለግሁ። ምን ብዬ? ተዪው፣ የኔ ቆሻሻ ነው?

ልጄ ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ አየቻት። ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከለከች መጣች። የአክስቷን እጅ ቀስ ብላ ያዘች።

«አክስቴ፣ ተዪው። እሱ አባዬ ነው።»

ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

አክስቷ ገጹን አየች። እኔን አየች። እንደገና ጎንበስ ብላ ገጹን አየች፣ መሐረቧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ቁርጥ እሱን» አለች።

ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም መጣ፣ አልደበቅኩትም። ቀጣዩ እንግዳ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። እስከ ማታ መልሼ አልከተትኩትም።