የእንጦጦ እንቁራሪትና የእኔ ቅቤ

ታኅሣሥ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

አልማዝ አለፈች። ልጄ የማስተማር ፈተናዋን አለፈች። አንዴ ወድቃ ስለነበር ዛሬም ብትወድቅ ከመምህራን ማሠልጠኛው መሰናበቷ ነበር።

ትምህርቱ የእንጦጦ እንቁራሪት በዚህ ውርጭ ለምን ደርቃ እንደማትቀር ነው። ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ስታጠና፣ «የሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው» ትላለች።

«ታዲያ በብርድ እንደ ቅቤ አይረጋም?» አልኳት። በጾሙ ምክንያት ያልተነካው ቅቤዬ በማሰሮው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል፤ የኑግ ዘይቱ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። ሁለቱን አየችና «እማዬ፣ እነዚህን ልውሰዳቸው» ብላ ይዛቸው ሄደች።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ፊት ሁለቱንም ዘቀዘቀቻቸው። ዘይቱ ፈሰሰ፤ ቅቤው ንቅንቅ አላለም። «ብርዱ እየገባ ሲሄድ የእንቁራሪቷ አካል የሽፋኑን ስብ ቀስ በቀስ ወደ ዘይት የሚጠጋ ያደርገዋል። ሽፋኑ ሳይረጋ ሕዋሱ ሥራውን ይቀጥላል» አለቻቸው።

ፈታኙ፣ «ይህን ምሳሌ ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቋት።

«ከእናቴ ወጥ ቤት።»

ስቀው ፈረሙላት።

ዘይቴ አልቋል፤ ቅቤው ግን ደኅና ተመልሷል። እሱም የሚቀልጠው ጾሙ ሲፈታ፣ በገና ነው። እንግዲህ በገና ዕለት ጎረቤት ሁሉ እኔ ቤት ይምጣ፤ የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ የሚለውንም አልሰማም።