ጨው የለውም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ዓሣ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ በፎይል ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ ሃያ ደቂቃ። ጨው የለ፣ ቅቤ የለ... ሐኪሙ እንዳዘዘው። አባዬ አንዴ ጎርሶ ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው።

«ጨው የለውም።»

እንደሌለውማ አውቃለሁ። ሆስፒታል መተኛቱን ረሳው እንዴ? ዓሣ እንዲህ ሲሠራ ነው ለልብ የሚስማማው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆቴል ሼፍ ለነበረ ሰው... ለቀባሪው አረዱት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የሠላሳ ስምንት ተማሪ የሂሳብ ፈተና ሳርም ነጭ ሽንኩርቱ አረረብኝ። ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ጎረቤቴ አንኳኩታ ነገረችኝ። አባዬ ግን ሳሎን ቁጭ ብሎ ጋዜጣውን ያነባል። ድሮ ከውጭ በር ሆኖ «ሽንኩርቱ እያረረ ነው» የሚል ሰው! ሆን ብሎ ነው። እንድዋረድለት።

ያረረውን ጠርጌ አቀረብኩ። «ጨው የለውም።» ስለ ማረሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አክስቴ ደወለች። «ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ የታመመ ሰው ደግሞ አመለኛ ነው። ቻይው ልጄ።» እኔንስ ማን ይቻለኝ? ከትምህርት ቤት ገበያ፣ ከገበያ ኦቨን... ዛሬ ቲማቲም ደረብኩበት። እኔ ወደድኩት። እሱ ያችኑ ዘፈኑን ዘፈነ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሦስት ጉርሻ ብቻ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። በዚህ ዓይነት ከልቡ በፊት ረሃቡ ይገድልብኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እጄን ይቁረጠው።

ዛሬ ሳይቀምሰው ገና «ጨው ጨምሪበት፣ አትፍሪ» አለኝ። ደሜ ፈላ። የሱን ሳህን ማዕድ ቤት መለስኩና ጨው በእፍኝ ነሰነስኩበት። ይኸው፣ ይውጣልህ ብዬ... ጎረሰ። አላመጠ። ፊቱ ንቅንቅ አላለም።

«ዛሬም የለውም።»

ቆንጥሬ ቀመስኩ። መዋጥ አቃተኝ። ሳህኑን ከፊቱ ነጠቅኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ማወቄ ገባው። ናፕኪኑን አራት ቦታ አጣጠፈ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ። ሽታም የለኝም። ለአክስትሽ እንዳትነግሪ።»

በመቅመስ የኖረ ሰው... ማፈሩን እኔ አመል አልኩት። ያቺ የጨው ጉርሻ ብትጥለውስ ኖሮ?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ለሐኪሙ ብቻ ነገርን። ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ይመለስም ይሆናል አለ። ይሆናል...

ዛሬ በርጩማ አምጥቼ አባዬን ኦቨኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ «አውጪው።»

«ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«ድምፁን አትሰሚም? ውሃው እያለቀበት ነው። ስታደርቂው ነው የከረምሽው።»

ይህን ሁሉ ቀን እያወቀ ዝም ብሎኛል! ተናደድኩ። አወጣሁት። በጣቱ ጫን አድርጎ ነካውና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ የለሰለሰ ዓሣ በዚህ ቤት ተበልቶ አያውቅም።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይላል?»

«ሎሚው ይቀድማል። ከኋላ ነጭ ሽንኩርቱ... ጣፈጥ ይላል፣ አላረረም።»

«ጨውስ?»

«የለውም» አልኩት።

ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።