የላይኛው አልጋ

ጥቅ. 3፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ዛሬም ነገሩ ስለ አልጋ ነው። ልጄ ትዕግሥት ከሙኒክ ፎቶ ልካለች። ዘነቡ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታየዋለች። ጠባብ የባቡር ክፍል። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት አልጋ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ስድስት ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድሮ ሮም ይገባል።

አንተ ደብተር፣ ከሥሩ ስማ። ሮም ያለው ልጄ ዮናስ ወንድ ልጅ ወልዷል። አርባ ቀኑ ኅዳር 9 ነው። ክርስትናው ያን ዕለት ነው፣ አይገፋም። ለእኔና ለሚስቴ ለዘነቡ ቪዛ ወጥቷል። ሙኒክ እንወርዳለን፣ ከዚያ ከትዕግሥት ጋር በባቡር ወደ ሮም። ልጅቷ ፓስ የሚሉትን ትኬት ገዝታልናለች፤ በወር ውስጥ አራት ቀን በፈለግነው ባቡር እንሄዳለን። ማታ ተነስቶ ጠዋት የሚገባው እንደ አንድ ቀን ይቆጠራል አለች። አልጋው ግን ለብቻው ይያዛል። ከሥራዋ ያገኘችው ፈቃድ ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ መሄጃውም መመለሻውም በሌሊት ነው።

በሌሊት አልሄድም አልኳት። አገር ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ሼሚኖ ባቡር ላይ አይተኛም አልኳት። ሼሚኖ ማለት የዱሮ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ እኔ የኋላው ፉርጎ ላይ ፍሬን ያዥ ነበርኩ። እስከ ድሬዳዋ ስንቱን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አንግቻለሁ።

ዘነቡ እስክሪብቶዋን አቆመች። መሠረተ ትምህርት ጊዜ እሷ ሄዳ ፊደል ቆጠረች፤ እኔ ኮርቼ ቀረሁ። ይኸው ዛሬ እጄ እሷ ናት። ለልጅ ልጃችን የሚቀመጥ ማስታወሻ ከሆነ ውሸት አልጽፍም አለች።

እሺ። እውነቱ ሽንቴ ነው። ሌሊት ደጋግሜ እነሳለሁ። አንዳንዴ አልደርስም። ይኸው። ይህን ገጽ በኋላ ትቀድጂዋለሽ።

ደብተር አይቀደድም አለች።

ጥቅ. 5፣ ረቡዕ

ዘዴ አገኘሁ። ሰው ያልጠጣውን አይሸናም። ከቀትር በኋላ ውሃ የለም፣ ሻይ የለም፣ ጠላ የለም። በቅሎ እንኳ ይገራል፣ ፊኛ ለምን አይገራም? ከተገራልኝ ስድስት ሰው ካለበት ክፍል ገብቼ የላይኛው አልጋ ላይ እወጣለሁ።

ዘነቡ ሳቀች። አንተ ሰውዬ፣ ለልጅህ ንገራት አለች።

ምን ብዬ? ትዕግሥት የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። የሰው አገር ሽማግሌ ስታጥብ፣ ስትቀይር ትውላለች። ለባዳ ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። እኔ ግን አባቷ ነኝ። ክረምት ውሃው በሞላ ቁጥር በትከሻዬ የአቃቂን ወንዝ ያሻገርኳት እኔ ነኝ። እኔንም እንደነሱ ልታየኝ?

ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም። አዋሽ በረሃ ላይ ከሚሄድ ፉርጎ በር ቆሜ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ነበር የምሸናው። ጻፊው። ጻፊው አልኩሽ!

ጥቅ. 8፣ ቅዳሜ

ትዕግሥት ደወለች። አልጋው እያለቀ ነው። ስድስት ሰው ከሚያድርበት የቀሩት የላይኞቹ ብቻ ናቸው፣ በመሰላል የሚወጡት። ሁለት ሰው የሚያድርበት አንድ ክፍል አለ፣ እሱ ግን ውድ ነው። አባዬ፣ መሰላል ይከብድሃል? አለችኝ።

መሰላል! እኔ የሚሄድ ባቡር ጣሪያ ላይ የተራመድኩ ሰውዬ! ተቆጣሁ። ከባዶ ነገር ተነስቼ ጮህኩባት። 

ከሰዓት ዮናስ ደወለ፣ እህቱ ነግራዋለች። ድምፁ ቀዝቃዛ ነው። አባዬ ገባኝ አለ። ባቡሩን እምቢ ያልከው ሽማግሌ ሳልልክ ስላገባሁ ነው አይደል? ለልጄም ክርስትና ቂምህን አልተውክም።

እርግጥ ዓመት ሙሉ አኩርፌው ነበር። አሁን ግን የለብኝም። ልጁ የተወለደ ቀን ነው የለቀቀኝ። አይደለም ብለው ታዲያ ምንድነው ይለኛል። አልጋ ከሚያረጥብ አባት ቂመኛ አባት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። ስልኩን ዘጋ።

ዘነቡ እስካሁን አላናገረችኝም። ትጽፋለች እንጂ አታናግረኝም።

ጥቅ. 12፣ ረቡዕ፣ ማታ

የሚካኤል ማኅበር። ተረኛዋ ጎረቤታችን ወ/ሮ አስካለች። ጠላ ዞረ፣ ብርጭቆዬን በእጄ ከደንኩ። ውሃ መጣ፣ መለስኩ። ጋሽ ወልዴ፣ ከንፈርዎ ተሰነጣጥቋል እኮ! አለች አስካለች። አጠገቤ የተቀመጠው ተፈራ፣ አብሮኝ ሐዲድ ላይ ያረጀው፣ ተዉት ለጣሊያን ወይን ቦታ እያስለቀቀ ነው አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የንስሐ አባታችን አልሳቁም። ወቅቱ የጽጌ ጾም ነው፣ በስውር ሱባኤ የያዘ ሰው አይቀለድበትም አሉ። ከዚያ ወጣቶቹን መገሠጽ ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ተግሣጽ የሚያልቀው በእኔ ነው። እዩ፣ እንዲህ ያለ አባት አላችሁ። ተፈራ ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተፈራ! በዕድሜው ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም።

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ደርቆ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ጥቅ. 13፣ ሐሙስ

አስካለች ገና በጠዋት መጣች። ልጇ መውለጃዋ ደርሷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ወርዶባታል። ጋሼ፣ በሱባኤዎ ያስቧት ብላ የክርስትና ስሟን በጆሮዬ ነገረችኝ። ወለተ ሚካኤል።

ይህን ስትለኝ ዘነቡ ጓሮ የኔን አንሶላ እያሰጣች ነው። ከደጅ በኩል አታሰጣም፣ ሰው እንዳያይብኝ።

እሺ አልኳት። አፍሬያለሁ፣ ደብተር። በቃ ለዛሬ።

ጥቅ. 17፣ ሰኞ፣ ንጋት

ጥሙ ምንም አልፈየደኝም። ሌሊቱ ያው ነው። እንዲያውም አሁን ያቃጥለኛል።

ስነሳ ግን ስሟን እጠራለሁ። ፖፖዬን ይዤ ወለተ ሚካኤልን አስባት እላለሁ። እንዲህ ሆኖ እግዜርን ማነጋገር ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሱሪዬን አስሬ፣ እጄን ታጥቤ እንደገና እላለሁ። ቃል ገብቻለሁ። ሱባኤው ውሸት ቢሆን ስሟ ውሸት አይደለም።

ዘነቡ ይህን ስትጽፍ ዓይኗን ጠረገች። ጉንፋን ነው አለች።

ጥቅ. 19፣ ረቡዕ

ወደ አሮጌው ጣቢያ ሄድኩ። ሣር ውጦታል። የመሳፈሪያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚህ ተነስቶ ሲጓዙ ማደር እንዴት ቀላል ነበር እያልኩ ልነሳ ስል ምድር ዞረችብኝ። ወደቅሁ። አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ሹፌር አንስቶ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጮኸችብኝ። አባባ፣ ውሃ የከለከለዎት ማነው? ቀን ቀን በደንብ ይጠጡ፣ ጥሙ ነው የሚያባብሰው አለች። በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ወንድ አለበት፣ ምርመራ አለው፣ መድኃኒት አለው አለች። ብዙ ወንድ! እኔ ብቻ መስሎኝ።

ሹፌሩ ግን ሰፈር ገብቶ ጋሽ ወልዴ በጾም ወደቁ ብሎ አውርቷል። ስመለስ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ተነሳልኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ትዕግሥት መልእክት ልካለች። እስከ ዓርብ ማታ ቁርጡን ካልነገርኳት ሮም ብቻዋን ትሄዳለች።

ጥቅ. 21፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ

የማርያም ዕለት። ጠዋት እልልታ ሰማሁ። የአስካለች ልጅ ሴት ወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

አስካለች እየሮጠች መጣች። በሩ ክፍት ነው፣ ተፈራም ሊጠይቀኝ መጥቶ ተቀምጧል። ዘላ ተንበረከከችና ጉልበቴን ልትስም አለች።

ይህንን አልቻልኩም። ብዙ ነገር ችያለሁ፣ ይህንን ግን አልቻልኩም። ተነሽ! አልኳት። ሱባኤ አልነበረም። ሽንቴ አላስቀምጥ ቢለኝ ነው ውሃ የተውኩት። ባቡር ላይ ሰው ፊት እንዳልዋረድ። እግዜር አያውቀውም፣ ቄሱም አያውቁትም። ተነሽ።

ተፈራ መሬት መሬት አየ። አስካለች ቀስ ብላ ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እና ሌሊት ሲነሱ ስሟን አልጠሩም?"

"ጠራሁ። በተነሳሁ ቁጥር።"

"ታዲያ እኔ ሌላ ምን ጠየቅኩ? ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ይምጡ!" ብላ ወጣች።

 ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና ያቺ ሐኪም ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? አለኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት አብረን ስንቀመጥ!

ገንፎ በላሁ። ሳቁልኝ። እፍረቱ ግን አልለቀቀኝም። ለጎረቤት መናገር ቀላሉ ነው። ለንስሐ አባታችን እሑድ ራሴ እነግራቸዋለሁ። የሚከብደው ልጄ ናት።

ማታ እየደረሰ ነው። ዘነቡ፣ አሁን የምልሽን ጻፊና ወደ ስልኩ ታዞሪዋለሽ።

ትዕግሥት ልጄ። የሌሊቱን ባቡር ያዢ፣ መሄጃውንም መመለሻውንም። ለእኔና ለእናትሽ ባለሁለቱን ክፍል። የታችኛው አልጋ የኔ ነው። ሽንት ቤት የሚቀርብ ካለ እሱን። አገር ማየት ያልኩሽ ሰበብ ነበር። አባትሽ ሌሊት ይነሳል፣ አንዳንዴም አይደርስም። ለአረጋውያኑ የምታነጥፊው ያ ነገር ካለሽ ያዢልኝ። ስላሳፈረኝ ጮህኩብሽ። ለዮናስ ቂም አይደለም በይው። ልጁን ታቅፌ ካልሳምኩ አልሞትም በይው።

ዘነቡ፣ "አንዳንዴም አይደርስም" የሚለው ይቅር? አለችኝ።

አይቀርም። ፊቴ እየነደደ ነው፣ ቢሆንም አይቀርም።

ላክሽው? ቆይ። ቆይ እንጂ፣ አንድ ጊዜ አንብቢልኝ።

አይ፣ ተዪው፣ አታንብቢልኝ። ላኪው። ከዚያ ተነሽና ውሃ ቅጂልኝ፣ ገና አልመሸም፣ በትልቁ ብርጭቆ።