ለሁለተኛው ቀረጻ ስለተመረጠችው እህቴ

…የካሜራችሁ መብራት ያን ሁሉ ሰው አልፎ ለምን እህቴ ላይ እንዳረፈ፤ እሱን እያሰብኩ ሰላምታዬን ልዘነጋው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። የተከበሩ መጋቢያችን፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? ካሜራዎችዎስ ደኅና ናቸው? ከልቤ ነው የምጠይቀው፤ አሁን አሁን የእነሱ ደኅንነት ከእኛ ደኅንነት የሚቀድም ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊዋን እህቴን ያውቋታል። ሐኪሙ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ክፉ መሆኑን በነገራት ሳምንት፣ ጉባኤው መካከል ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ አትተወኝ!» ብላ ጮኸች። የሚዲያ ክፍልዎ ያንን ጩኸት፣ ወጣቱን ለመሳብ ሲል፣ ከበሮ ጨምሮበት ለዓለም አበረከተ። ለዚህ ውለታ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «ጌታ ሆይ» የሚለውን ስለቆረጣችሁልን አመሰግናለሁ። ለከበሮው ምት ስለረዘመ ነው ብሎኛል የቅንብር ባለሙያዎ፤ ትሑት ሰው ነው፣ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጌታ ከወጣ በኋላ የቀረው «አትተወኝ» ብቻ ስለሆነ፣ ታክሲውም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ሠርገኛውም ያለ ሐፍረት ይጨፍርበታል።

ሁለተኛ፣ እህቴን ዝነኛ ስላደረጋችሁልን። ዚፕ ልታስቀይር የመጣች ደንበኛ ሳትቀር «እቱ፣ በሞቴ አንዴ በይልኝ፣ ልቅረጽሽ» ትላታለች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ቀጥሎ ከስፌቷ ቀና ማለት ተወች። አሁን መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰክታ «አትተወኝ» ትልላቸዋለች። የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ልትጸልይ ስትንበረከክ ጣቷ ወለሉን በምቱ ይመታል፤ እሷ አታውቀውም፤ እኔ ግን ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ። ትንፋሼን ይዤ። ከበሮው እስኪያልቅ።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ልመና ነው። «ከለቅሶ ወደ ሳቅ» ላሉት ሁለተኛ ቀረጻ የመረጡት ሐሙስ፣ እህቴ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረችበት ሐሙስ ነው። ቀኑን እንዲያዛውሩልን ብለምንዎ «ወንድሜ፣ የተፈወሰ ሰው ቀዶ ሕክምና ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። እምነትዎ ያስቀናል። የእኔ እምነት ትንሽ ናት፤ እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ይሠራል ብላ የምታምን፣ ተራ። ሐኪሙ ወረፋዋ ካለፈ ሌላ ቀን እስኪገኝ እብጠቱ እንደማይታገሥ ነግሮኛል። እብጠት፣ መጋቢ፣ ካሜራ አያከብርም።

ስለዚህ ዓርብ ያድርጉልን። ካልሆነም በእሷ ፈንታ እኔ ልጩህ። ድምፄ አያምርም እንጂ ፍርሃቱስ ሞልቶኛል።

ከመብራትዎ ውጭ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ እጅ የሚነሳዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በጉባኤው ሰሌዳ ላይ ሳልለጥፈው ሐሙስ ደረሰ፤ መኪናዎም ማልዶ ደጃችን ቆመ። እህቴ ስትታመም ለጥየቃ ያልተገኘው ቤታችን ለካስ ለቀረጻ አይጠፋም። እኔ የሆስፒታል ቦርሳዋን ይዤ ቆሜያለሁ። እሷ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ወጣች፤ እኔን አላየችኝም። የካሜራ ሰዎችዎን «ጩኸቱ ይቅደም ወይስ ጸሎቱ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንደ ተመቸሽ፣ እህታችን» አሏት።

የመኪናው በር ከኋላዋ ተዘጋ።