ኮንትሮልና ሲን ሃያ ጊዜ ስለመጫኔ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ማሠልጠኛችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ተደግፈው የሚያስቡበት ወንበርዎስ ደህና ነው? እኔ ከፈተና ከመታገዴ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ማክሰኞ በእንግዶች ፊት፣ በትልቁ ስክሪን ላይ «ኃላፊያችን ተኝተዋል» የሚል ጽሑፍ ያለማቋረጥ መውረዱን አልክድም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ለጓደኞቼ አንዴ አሳይቼ ላቆመው ነበር። ነገር ግን «ሆን ብለህ ነው ያላቆምከው» ተብዬ ከሐሙሱ የመጨረሻ ፈተና መታገዴ ስላንገበገበኝ፣ አቤቱታዬን እጅ ነስቼ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አልቆም ያለ ፕሮግራም ኮንትሮልና ሲ የተባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ቀጥ እንደሚል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሃያ ጊዜ ተጫንኩ። ጽሑፉ ግን አፉ እንደተፈታ ከረጢት መዘርገፉን ቀጠለ።

፪. የጥገናው ጋሼ አብረውኝ ተቀምጠው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ሲ ሲሉት ሲ ይጽፋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ጤነኛ ነው፤ ከሌላ ማሽን ሆነው የማቆሚያውን ምልክት በትእዛዝ ቢልኩለት ፕሮግራሙን ወዲያው ጸጥ አሰኘው። ጋሼም «ልጄ፣ መልእክተኛህ በር ላይ ታግቷል» አሉኝ። በሩ ትእዛዝ የምንጽፍበት ጥቁሩ መስኮት ነው። ለካስ ባለፈው ወር፣ ኮፒ ማድረግ እንዲቀልልዎት ብለው፣ ኮንትሮልና ሲ በዚያ መስኮት ውስጥ ኮፒ ብቻ እንዲያደርግ አስቀይረውት ኖሯል! እኔ የማቆመው መስሎኝ፣ ደንግጬ በማውስ ያቀለምኩትን የጽሑፉን መስመር ሃያ ጊዜ ኮፒ ሳደርግ ነበር። ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማን ይንገረው?

፫. ይህንኑ ባስረዳዎት «ሰበበኛ!» አሉኝ። ይሁን፤ ሰበብ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃውን በገዛ እጅዎ ስላዘጋጁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእገዳ ደብዳቤዬን በንዴት እንደጋሉ፣ በዚያው ማሽን ላይ ጻፉት። ስሜን ከመዝገብ ኮፒ ያደረጉ መስሎዎት ለጠፉ፤ የተለጠፈው ግን የእኔ ሃያኛ ኮፒ ነበር። ሳያነቡ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አሰቀሉ። እነሆ ቃል በቃል፦ «ሠልጣኝ ኃላፊያችን ተኝተዋል ከሐሙሱ ፈተና ታግዷል።»

ከበርዎ ውጭ እንደ መልእክቴ ታግቼ የቆምኩት፣ እርስዎ «ብልሽት» ብለው ስም ያወጡልኝ ታዛዥ ሠልጣኝዎ

ማሳሰቢያ፦ በደብዳቤው ላይ የእኔ ስም ስለሌለ፣ ሐሙስ ጠዋት እርሳሴን ቀርጬ እገባለሁ። የታገደው ሠልጣኝ ራሱ ከመጣ ግን አደራ፣ ፈተናው እስኪያልቅ እንዳይቀሰቅሱት።