ክብ ማኅተም የጎደለው ስፓኒሽ

ለክቡር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣
የእንግዶች አቀባበልና የሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ቢቸና

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ወንበር ድረስ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ በር የጸና፣ ዕድሜዎም ባለ ጉዳይ ደጅዎ ላይ እንደሚያሳልፈው ቀን የረዘመ ይሁን። እኔ በቢሮዎ «ያቺ የስፓኒሽዋ» እየተባልሁ የምጠራው መምህርት ሂዳያ አብዱራዛቅ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ለእርስዎ ብቻ ያቀረብኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ እስከ ዛሬ በምስጢር ስለ ተያዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ ሹም ስላለን ሳላመሰግን አላልፍም።

ብዙ ፊት ስለሚያዩ ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። ቢቸና የመጣሁት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ሲሆን፣ የተከራየሁትም አቶ ስጦታው ግቢ ነው። አቶ ስጦታው አባታቸው በጦርነት ሲሞቱባቸው ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተልከው፣ እዚያ አድገውና ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከተመለሱ ወዲህ በስፓኒሽ የሚያዋራቸው ሰው ስላላገኙ ከዶሮዎቻቸው ጋር ያወሩ ነበር፤ ጎረቤቱም «ትንሽ ነክቷቸዋል» እያለ ያዝንላቸው ነበር። አንድ ማለዳ ዶሮዎቹን ሲቆጡ ሰምቼ ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮዎቹ ዐረፉ፤ ቁጣው ወደ እኔ ዞረ።

ለዓመታት እንዲያ ሲያስተምሩኝ ከቆዩ በኋላ፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎም ሙያን በኢንተርኔት አስተምሮ ሰርተፊኬት እንደሚሰጥ አንብቤ ተመዘገብሁ። ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር የቤት ሥራዬን በስልኬ ይዤ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርጄ፣ ዓባይ ድልድይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ድረስ እሄድ ነበር። የመጀመሪያውን የቃል ፈተና ስፈተን መምህሬ ድምፄን ሰምታ ሳቀች፤ የተማርሽው ከኩባ ሰው መሆን አለበት፣ የቃሉን ጫፍ ትውጫለሽ አለችኝ። ይህን ለአቶ ስጦታው ስነግራቸው ዶሮ ሊያዩ መስለው ወደ ጓሮ ዞሩና ቶሎ አልተመለሱም። ሰርተፊኬቱ በመጣ ጊዜ አባቴ አሳትሞ ሞጣ ባለው ሱቁ፣ ከጨርቆቹ በላይ ሰቀለው። ገበያተኛው ምን እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ልጄ የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ጋር ታገናኛለች ይላል። የእርስዎን ጽሕፈት ቤት ስለማያውቀው ነው እንጂ እንዲህ ደፍሮ ባልተናገረም ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ይርጋነሽን ያውቋቸዋል፤ ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ ባላቸው ሞተው ራሳቸውም በታመሙበት ዘመን ሕፃን ልጃቸውን ስርጉትን «ተምራ ትመለሳለች» ላሏቸው ሰዎች የሰጡ እናት ናቸው። ልጅቱ ስፔን አገር በማደጎ አደገች። ከብዙ ዘመን በኋላ እናቷን ፈልጋ ልትመጣ መሆኑ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ሲሰማ፣ ሰርተፊኬቴን ይዤ ላስተረጉም እችላለሁ ብዬ ቀረብሁ። እርስዎም ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አገላብጠው አይተው፣ ክብ ማኅተም እንደሌለው አስተዋሉ። ዩኒቨርሲቲው የሚያረጋግጠው በኤሌክትሮኒክ ፊርማ መሆኑን ባስረዳዎት፣ ማኅተም የሌለው ዩኒቨርሲቲ ጉልት ገበያ ነው በማለት አስተማሩኝ። ቀጥለውም ወረቀቱ በአማርኛ ተተርጉሞ እንዲቀርብ፣ ተርጓሚውም ፈቃድ ያለው የስፓኒሽ ባለሙያ እንዲሆን፣ ያ ባለሙያ ግን እኔው ራሴ እንዳልሆን አዘዙ። እኔም ፍለጋ ወጣሁ፤ ከእኔ ሌላ ያገኘሁት አቶ ስጦታውን ነው፤ እርሳቸውም እንደሚያውቁት ነክቷቸዋል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። ሰርተፊኬቱ ስለ ስፓኒሽና ስለ እንግሊዝኛ እንጂ ስለ አማርኛ አይናገርም አሉና፣ «አማርኛ ለመቻልሽ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ክቡርነትዎ፣ እናቴ ሞጣ ላይ ስትወልደኝ ጎረቤቶቻችን በአማርኛ እልል ሲሉ የምስክር ወረቀት አልሰጧትም። ይህን ጥያቄ ከስሜ ጋር አያይዘው እንዳልጠየቁኝ አምናለሁ፤ ያመንሁትም ለራሴ ስል ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕለቱ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። አዳራሽዎ በፕላስቲክ አበባ አጊጦ፣ ፎቶ አንሺው ተዘጋጅቶ፣ ባልደረባዎ አቶ ፋንታ በአስተርጓሚነት መኻል ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛ እንጂ ስፓኒሽ እንደማይችሉ ራሳቸው ቢነግሩዎትም፣ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጻፉት በአንድ ፊደል ስለ ሆነ ችግር የለም ብለው አደፋፈሯቸው። እኔ ምናልባት ካስፈለግሁ ኮሪደር ላይ እንድጠብቅ ተፈቀደልኝ፤ በሩም ገርበብ ተደርጎ ስለ ነበር አየሁም ሰማሁም። አቶ ፋንታን አልወቅስም። ስርጉት በእንግሊዝኛ እስከ ተናገረች ድረስ በሚገባ አስተርጉመዋል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስላሳደጓት ሰዎች የተናገረችው ሁሉ ለእናቷ ደርሷል።

ኋላ ግን እናት እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉንጭ ዳበሱ። ልጅቱን ያን ጊዜ እንግሊዝኛው ጥሏት ሄደ። የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ባደገችበት ቋንቋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኤስቶይ ኤምባራሳዳ» አለች። በስፓኒሽ እርጉዝ ነኝ ማለቷ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ይህን የሚመስል፣ ማፈርን የሚናገር ቃል አለ። አቶ ፋንታ ተጠራጥረው ወደ እርስዎ ዘወር አሉ፤ እርስዎም ፎቶ አንሺው እየጠበቀ ስለ ነበር እንዲቀጥሉ በራስዎ ነቀነቁላቸው።

አቶ ፋንታም «አፍሬያለሁ ነው የምትል» አሉ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከልጃቸው እጅ አወጡ። «ብታፍርብኝ እውነቷን ነው» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው፣ በእኔ አጠገብ አልፈው ወጡ። ያን አረማመድ እርስዎ ከመኻል ወንበር ሆነው አላዩትም። አንዲት እናት ያን ሁሉ ዘመን ስትፈራው የኖረችውን ቃል ከልጇ አፍ የሰማች መስሏት ስትሄድ ምን እንደምትመስል እኔ አይቻለሁ፤ በማመልከቻ የሚገለጽ አይደለም። በነጋታው በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ይህችኑ ቅጽበት የያዘ ነው፤ ከሥሩም «የደስታ ዕንባ» ተብሎ ተጽፏል።

ስርጉት ተከትላ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኋትና ስሟን ጠርቼ በስፓኒሽ አነጋገርኋት። ለአፍታ የሰማችውን ያመነች አልመሰለችም።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። «አርግዣለሁ ብቻ ነው ያልኋት። ከሰው ሁሉ በፊት እርሷ እንድትሰማ ብዬ ለባሌ እንኳ ሳልነግረው ነው የመጣሁ።»

በእግራችን ተያይዘን ሄድን። ቤቱ ተዘግቶ ነበር። እኔ ከውጭ ሆኜ፣ እማማ፣ አላፈረችብዎትም፣ አስተርጓሚው ቃሉን ስቶት ነው፣ ልጅዎ አርግዛለች፣ ከሁሉ አስቀድማ የነገረችውም ለእርስዎ ነው አልኋቸው። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንኳኳና በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ይቅርታም ማብራሪያም አልጠየቁ፤ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ያቅለሸልሻታል ወይ አሉኝ። ጠየቅኋት፤ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል አለች። እርሳቸውንም እንዲሁ ያደርጋቸው እንደ ነበረ ነገሯት። እንዲህ ተቀምጠው የሴት ወሬ ሲያወሩ፣ እኔ ከመኻላቸው መኖሬን ሁለቱም ረሱት። ክቡርነትዎ፣ ይህን ሙያ ስማር ከተነገረኝ ሁሉ ትልቁ ይህ መረሳት ነው፤ በአዳራሽዎ መኻል ወንበር ላይ ግን አይገኝም።

ልንነሣ ስንል ወይዘሮ ይርጋነሽ የልጃቸውን ግንባር ስመው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ በይልኝ» አሉኝ። እዚህ ላይ የምር ተጨነቅሁ። ይህን ምርቃት ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስሰማው ያደግሁት ነው፤ ቃል በቃል ብወስደው ግን ማርያም የምትሰጣት ጌጥ ምን እንደ ሆነ ሳስረዳት በዋልሁ ነበር። ስፔኖች እርጉዝ ሴትን ሲመርቁ «አጭር ሰዓት ይስጥሽ» ይላሉ፤ ምጡ አይርዘምብሽ ማለታቸው ነው። እኔም በስፓኒሽ፣ እናትሽ ማርያም አጭር ሰዓት ትስጥሽ ይሉሻል አልኋት። ስርጉት ቀና ብላ አየችኝ። ለካ ያሳደገቻት ሴት እናት፣ አያቴ የምትላት አሮጊት፣ በመንደራቸው እርጉዝ ባየች ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው። እያለቀሰች ሳቀችና የእናቷን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ ያስተረጎምሁት ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍትሐዊነትዎ አመሰግናለሁ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ «የተሳካ የቤተሰብ ማገናኘት ሥራ» ተብሎ ሪፖርት ሲቀርብ አቶ ፋንታ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሸልመዋል፤ ክብ ማኅተምም አለው። እርሳቸውም ሳይዘገዩ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «መምህርት፣ እኔ አላውቅም ብየ ነበር» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አስገብቼ ሻይ አቀረብሁላቸው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አቶ ስጦታው ዘንድ ስፓኒሽ ይማራሉ፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ እርስዎ ስላልመጡ ግን አይቆጧቸው፤ እንዳይታወኩ ብለው ነው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከስፔን ሐኪሞች ሊመጡ ስለ ሆነ «እውቅና የሌለሽ ብትሆኚም በበጎ ፈቃድ ተገኝተሽ አግዢን» የሚል መልእክት ልከውልኛል። መልሴን እነሆ፤ በሽተኛው ዘንድ እገኛለሁ፣ ለእርስዎ አዳራሽ ግን አልመጣም። ሐኪም የት ያምሃል ብሎ ሲጠይቅ አንድ ሰው በግምት እንዲመልስለት ራስዎን የሚነቀንቁ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚለጠፈው ፎቶ ሥር የሚጻፍ ቃል ያጥርዎታል። ሰርተፊኬቴን ተቀበሉኝ ብዬ ከእንግዲህ አልለምንዎትም፤ በማያውቁት ቋንቋ በእናትና በልጅ መካከል እንዳይቀመጡ ግን እለምንዎታለሁ።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ የወንበርዎ ትራስ እንዳይጎረብጥ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ የደጅዎ ወረፋም እንዳይጎድል ከልብ የምመኝ፣ በሞጣ አማርኛ አፏን የፈታች፣ ለመፍታቷ ግን ማስረጃ ማቅረብ ያልቻለች፣

ትሑት ባለ ጉዳይዎ
ሂዳያ አብዱራዛቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስርጉት ይህን ደብዳቤ ማንበብ ስለ ፈለገች ወደ ስፓኒሽ መልሼዋለሁ። ያስቸገረኝ የማዕረግ ስምዎ ብቻ ነው። እንደሚያውቁት «ኃላፊ» በአማርኛችን ኃላፊነት ያለበት ሰውም ነው፣ አላፊ ጠፊ፣ የማይቆይ ነገርም ነው። በስፓኒሽ ግን ሁለቱ የየራሳቸው ቃል ስላላቸው አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝ። ለመጀመሪያው ትርጉም በቂ ማስረጃ ስላልቀረበልኝ፣ ሁለተኛውን ጽፌያለሁ።