ለዓባይ በረሃ የተሰፋው ነጭ ሸሚዝ

ውድ እህቴ ይርጋለም፣

ስደውልልሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ አርፈሽ አንብቢ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ነጩን ሸሚዝ ለብሼ ሳይክሌን ከእማዬ ቤት ሳወጣ በሩ ላይ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። እማዬ ካረፈች አራት ወሯ ነበር። የሳይክል ክለቡ መኪና አዲሱ ገበያ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ የውድድሩ ማጣሪያ ዓባይ በረሃ ነው።

"ሚልካ፣ አፈሯ ሳይደርቅ ነጭ? የቤተክርስቲያን ሰው ምን ይላል?"

"የቤተክርስቲያን ሰው ፔዳል አይመታልኝም!" አልኩሽ።

ያን ሸሚዝ እኮ ለማማር አልመረጥኩትም! ከፀሐይ መሸፈንን ማንም አላስተማረኝም። ጉለሌ ስለሚበርድ ፀሐይ የሌለ መስሎኝ በአጭር እጅጌ ስነዳ ከርሜ፣ ክንዴ ተልጦ ነው የገባኝ። ነጩ ሰፋ ያለ ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ኮሌታው አንገቴን ይሸፍናል። ጨርቁን እማዬ ናት የመረጠችው። ጨርቅ ሻጩ ኢክረማ ሱቅ በር ላይ ወደ ፀሐይ ዘርግታ፣ "በዚህኛው ውስጥ እጄ ይታየኛል፤ ይሄ ወንፊት ነው። ጠበቅ ያለውን አምጣ" አለችው። ታማ፣ ትራስ ተደግፋ በእጇ ሰፋችው። አንቺ ማን ሰፋው ብለሽ አልጠየቅሽም። እኔም አልነገርኩሽም፤ ፊትሽ ማልቀስ አልፈለግኩም።

ጥቁሩን ሹራብ ይዘሽ መጣሽ። "እሱም እጅጌ አለው አይደል?" አልሽ። እጅጌማ አለው! ፀሐዩን አስቀርቶ እኔን ቀቀለኝ እንጂ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነጩን አውልቄ ሹራቡን የለበስኩት ፈርቼ ነው። እናቷን ረሳች እንዳልባል።

ቁልቁለቱ ምንም አልነበረም። ዳገቱ ላይ ግን ሹራቡ ላቤን ጠጥቶ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጣበቀብኝ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ዓይኔ ጨለመ። አሰልጣኝ አሽረፍ ውሃ እየደፋብኝ፣ "በዚህ ሐሩር ሹራብ? አብደሻል እንዴ?" ሲለኝ ምን ልበለው? እህቴ ናት ልበለው? የሦስት ዓመት ልፋቴ እዚያች ኩርባ ላይ ቀረ። ስሜን ሰረዙት።

በሳምንቱ ፎቶሽን አየሁ። ከማጣሪያው በማግስቱ፣ እሁድ፣ ሐዋሳ የተነሣሽው፣ የመሥሪያ ቤትሽ ሰው ሠርግ ላይ። ቢጫ ቀሚስ፣ ትከሻው ክፍት። ጥቁርሽስ ብልሽ ምን አልሽኝ?

"ሐዋሳ እኮ ይሞቃል!"

ይሞቃል! ዓባይ በረሃ በረዶ ይጥላል መሰለሽ?

የካቲት ላይ ሌላ ማጣሪያ አለ። ነጩን ለብሼ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ በደጅሽ ነው የማልፈው። ከፈለግሽ ውጪ። የግራ እጅጌው ስፌት ጠማማ ነው፤ እማዬ እጇ እየተንቀጠቀጠ የሰፋችው ነው። መጀመሪያ እሱን እይው። ስለ ሐዘን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ታናሽሽ ሚልካ